ኮት የሆነው ምዕራፍ

«ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሰነፍ ነው» እያሉ የሚሰብኩ ሰዎችን ባገኛቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ሁለቱን ሴት ልጆቼን፣ አማቴንና ሱቁን አስረክቤያቸው እጠፋ ነበር። ከዚያ በኋላ እንነጋገር ነበር። እኔ ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምጽፈውም ካውያው እስኪግል ድረስ ነው። ካውያችን አሮጌ ስለሆነ ለመጋል ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ባሌ «ኧረ አዲስ እንግዛ» ባለ ቁጥር «ምን ጎደለው? ደህና ነው!» እያልኩ የምሟገተው ለምን እንደሆነ እስካለፈው ሳምንት አያውቅም ነበር።

እኔና ባሌ ልብስ ሰፊዎች ነን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የደንበኛው ልክ በትልቅ ካኪ ወረቀት ላይ ይሳላል፤ ወረቀቱ ይቆረጥና ጨርቁ ላይ ተነጥፎ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል። እኔም የምጽፈው በዚያው ካኪ ወረቀት ላይ ነበር። ደብተር ብይዝ አላፊ አግዳሚው «ምን እየጻፍሽ ነው?» ይለኛል። ካኪ ወረቀት ላይ ያጎነበሰችን ልብስ ሰፊ ግን ማን ዞር ብሎ ያያታል? ወረቀቱ ሲሞላ ጠቅልዬ ከሌሎቹ ጥቅሎች መሃል እሸጉጠዋለሁ።

«ከገዛ ባልሽ ምን አስደበቀሽ?» ትሉኝ ይሆናል። በእጮኝነታችን ጊዜ ግጥም ጽፌ ሰጥቼው ነበር። እሱ ሆዬ ወንድሞቹን ሰብስቦ ድምፁን እያሞላቀቀ አነበበላቸው። ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ ሰው ማሳቅ ይወዳል። እኔ ግን አንጀቴ ቅጥል አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ቆርጦኝ አሳየዋለሁ! መጽሐፉ ሲታተም እንደ ማንም ሰው ገዝቶ ያንብብ፣ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ደግሞም ሊታተም ነው። አሥራ ሦስቱን ምዕራፍ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ደጅ ቆሜ ስጠብቅ በደብተር እየገለበጥኩ ለአሳታሚው ሰጥቻለሁ። ወደደልኝ። «የመጨረሻውን እስከ ዓርብ ካመጣሽ ለዘንድሮ ይደርሳል፤ ካለፈ ግን ለከርሞ ነው» አለኝ። አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ሁለት ወር ሙሉ ስድስት ስድስት ደቂቃ ተለቅሞ፣ ሦስት ትልልቅ ወረቀት ሆኖ ማክሰኞ ዕለት አለቀ። ደስታዬን የማካፍለው ሰው ባጣ ለካውያው ነገርኩት።

ረቡዕ ትንሿን ልጄን ጥርስ ሐኪም ጋ ወስጄ ረፋዱ ላይ ሱቅ ስደርስ ባሌ እያፏጨ ይቆርጣል። ጠረጴዛው ላይ የደንበኛችን የርዕሰ መምህሩ ኮት ወረቀት ተዘርግቷል። ርዕሰ መምህሩ ሆድ ሲታደል የቀደማቸው የለም፤ የሳቸው ኮት ሁልጊዜ ሦስት ወረቀት ይፈጃል። ጠጋ ብዬ የእጅጌውን ወረቀት ገለበጥኩት። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ክው አልኩ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ካሮጌዎቹ ጥቅሎች ነዋ። አንዱ ጎኑ ንጹሕ ነው፤ አዲስ ለምን አባክናለሁ?»

«ጽሑፍ እንዳለበት አላየህም?»

«የኛ ወረቀት መቼ ጽሑፍ አጥቶት ያውቃል? የልክ ማስታወሻሽ መስሎኝ ነው።»

«ቁርጥራጩስ? የተረፈው የታለ?»

«ቆሻሻ የሚወስዱት ሲመጡ ሰጠኋቸው። ምነው፣ ምን ሆነሻል?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና መጮህ የጀመርኩት ያኔ ነው። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ያልተናገርኩት የለም። አሳታሚውን፣ ዓርብን፣ ሦስቱን ዓመት፣ ያቺን ግጥም፣ የወንድሞቹን ሳቅ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ከዚያ ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የሁለት ወር ልፋቴን እኮ ነው ኮት ያደረገው!

ባሌ አልተከተለኝም። ትንሽ ቆይቶ የወረቀት ኮሽታ ሰማሁና በመጋረጃው ጠርዝ አጮለቅኩ። የኮቱን ወረቀቶች እየገለበጠ ይገጣጥማል። እጅጌው ከጀርባው ጎን የተቆረጠ ነበር፣ ኮሌታው ከታች፤ የትኛው ከየት እንደወጣ የሚያውቀው የቆረጠው እሱ ብቻ ነው። ገጣጥሞ ሲጨርስ ክርኑን ተደግፎ ማንበብ ጀመረ። እኔም ሳቁን ጠበቅኩ።

አልቀረም፣ ሳቀ! ደሜ ፈላ። ልወጣበት ስል ግን ጣቱ ካረፈበት የት ጋ እንደሳቀ ገባኝ፦ ምዕራፉ ውስጥ ያለችው ጎረቤት ወሬ ልታዳምጥ የወጣችበት መሰላል የተወሰደባት ቦታ ላይ። እኔም ስጽፈው እዚያው ላይ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ዝም ብሎ አነበበ፣ አነበበና በገበር ጨርቅ አፍንጫውን ጠረገ።

«ነይ እስቲ ውጪ» አለኝ። «ብብቱ ጋ ምን ይላል?»

«ምኑ?»

«እጅጌው የሚገባበት ጋ ጎድሏል። ሰውየው ‹ሃያ ዓመት ሙሉ› ይልና እዚያ ላይ ተቆርጧል።»

«‹ሃያ ዓመት ሙሉ ስምሽን ስጠራ› ነው የሚለው።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጻፈው። አንገቱ ጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ኪሱ ጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን ግማሽ ወረቀት ጭራሽ የለም።

«ሴትዮዋን ጥሏት የሄደው ባሏ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ከዚያስ? ከፈተችለት?»

«ጊዜ ካገኘሁ እጽፈዋለሁ፣ ያኔ ታነበዋለህ!» አልኩት ፊቴን አጥቁሬ።

መቀሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ያን ግጥም ሳቅኩበት እንጂ አላነበብኩትም» አለኝ። «ጅል ነበርኩ። ይቅርታ።» እኔም ካውያውን ሰካሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጆቹ የሉም፣ እሱ የለም፣ የሱቁም ቁልፍ የለም። አማቴ ወንበራቸውን የውጭው በር ላይ አስጠግተው ተቀምጠዋል።

«ማንም እንዳይገባባት፣ እሷም እንዳትወጣ ብሎኛል» አሉኝ። «ምን እንደምትጽፊ አልጠየቅኩም። ግን ሰውየው በር ላይ ቆሞ አደረ አሉ፤ ኧረ እንዳይበርደው፣ ቶሎ በይ ልጄ!»

ሙሉ ጠዋት! ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት! ምን ሠራሁበት መሰላችሁ? መስኮት ወለወልኩ። አራት እርሳስ ቀረጽኩ። የልጆቹን ካልሲ ጥንድ ጥንድ አደረግኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ከፈተችለት?»

«ገና ነው!»

«እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር ታዲያ?»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልሶ ደወለ።

«ርዕሰ መምህሩ ኮታቸውን ሊለኩ መጥተው ታሪኩን አጫወትኳቸው። ‹እንዳትከፍትለት!› ይላሉ።»

«አንተስ?»

የስፌት መኪናውን አቆመ። «ሰውየው ጥፋተኛ ነው፣ ይገባኛል» አለ። «ግን በሩ ድረስ መጥቷል እኮ።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩና ጻፍኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ባሌ ሱቁን ዘግቶ እያለከለከ መጣ፤ ቁጭ እንኳ ሳይል ቆሞ አነበበው። «ከፈተችለት!» ብሎ እናቱን ከነወንበራቸው አቀፋቸው። ዓርብ ጠዋት ለአሳታሚው አስረከብኩ።

አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከቁርጥራጩ ጋር በሄደው ወረቀት ላይ አልከፈተችለትም ነበር።