በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ሰው ድንኳን ስንተክል

ወንድይፍራው ጦርነት ላይ የገደለው ሰው ከሁለት ዓመት ወዲህ እቤቱ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሰውየው ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭንና ጨዋ ነው። ግራ ደረቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ሰው ሲገባ እግሩን ይሰበስባል። አይበላም፣ አይጠጣም። የወንድይፍራው ባለቤት ትርንጎ ቤት ስትጠርግ «እስቲ ትንሽ ጠጋ በል» ትለዋለች፤ እሱም ጠጋ ይላል።

እኔ የወፍጮ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈሩን ሞት ጽፌአለሁ። ያላየሁትን አልጽፍም።

ችግሩ የመጣው ሴት ልጅ ሲወለድላቸው ነው። ወንድይፍራው ልጁን ባቀፈ ቁጥር ሰውየው ከወንበሩ ይነሳል። ትልቅ ሰው እንደገባበት እጁን ወደ ታች አድርጎ ይቆምና የወንድይፍራውን እጆች ያያል። ደረቱም መድማት ይጀምራል። ልጅቷን ሲያስቀምጣት ሰውየው ይቀመጣል፤ ደሙም ይቆማል። ሌላ ሰው ቢያቅፋት ግን ንቅንቅ አይልም። ወንድይፍራው በሰባ ሁለት ቀን ውስጥ ልጁን ያቀፋት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

«በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አንተ ካላቀፍካት እናቴ ጋ ይዣት እሄዳለሁ» አለችው ትርንጎ፣ ወለሉን እየወለወለች። «አባቷ የሚፈራት ልጅ አላሳድግም።»

ጠበል ሞከረ። ሐኪም ቤት ሄዶ የእንቅልፍ ኪኒን ተሰጠው። በደንብ ተኛ። ሰውየውም በደንብ ተቀምጦ ጠበቀው።

እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ድንኳን እፈልጋለሁ።»

«ማን ሞተብህ?»

«እሱ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «አልተለቀሰለትም። አፈር እንኳ ሳናለብሰው ነው ጥለነው የሄድነው። የሚጠብቀው ይሄንን ይመስለኛል።»

በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት እድሩ የሚያለቅሰው ለተመዘገበ ቤተሰብ ብቻ ነው። ደንብ ላይ ደረቅ ነኝ፤ ሰፈሩም በዚህ ያማኛል። ቅጹን አወጣሁና ዝምድና የሚለው ላይ ስደርስ ምንህ ነው አልኩት።

ቅጹን እያየ መለሰ። «ሲያሠለጥኑን ቀላል ነው ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ቀላል ነበር። ጣቴ ነው የሠራው፣ እኔ አላሰብኩም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አሁን የእናቴ መልክ እየጠፋብኝ ነው፤ የሱ ግን አይጠፋም።»

«የቤት ሰው» ብዬ ጻፍኩ።

ስሙን ስጠይቀው አያውቀውም። ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ አልጠየቀውም። ተያይዘን ቤቱ ሄድን። ሰውየው ብዙ ጊዜ እንዳልተናገረ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ስሙን እስከ አያቱ ነገረን። ጻፍኩት። እዚህ አልደግመውም፤ እናቱ ገና መርዶ አልደረሳትም።

የእድሩ ሰብሳቢ መቶ አለቃ ደግፌ ናቸው። በድሮው ጦርነት የተዋጉ፣ በድንኳን ጉዳይ ቆጥቋጣ ሽማግሌ ናቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይተከል» አሉ። «ትልቁ ድንኳን።»

«ለአንድ ሰው?»

«ትልቁ አልኩህ።»

ሐሙስ ማለዳ ጥሩንባ ተነፋ፤ ሰዉ ወጣ። ወንድይፍራው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለገባው ሁሉ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሴቶቹም «እሱንማ እናውቃለን። ያጽናህ» እያሉት ያልፋሉ። ከጦርነት ሲመለስ ጀግና ብለውት ነበር፤ ያጽናህ ያለው ግን አልነበረም። በሁለተኛው ቀን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሰውየው ፊተኛው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ለቅሶ ሰማ። ንፍሮ ሲታደል በመዳፉ ተቀበለና ዝም ብሎ ያዘው።

በሠልስቱ መቶ አለቃ ደግፌ ካፖርታቸውን ለብሰው አርፍደው መጡ። ከኋላቸው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ሆዱን በሁለት እጁ የያዘ ወጣት ይከተላቸዋል።

«ቦታ አለ?» አሉኝ በቀስታ።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አርባ ሰባት ዓመት። ጎተራ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፣ ባለቤቴ እንዳታየው ብዬ። ሳልነግራት ሞተች።»

ወንበር ሳብኩለት።

ከሳቸው በኋላ ልብስ ሰፊው መጣ፤ ከኋላው ሁለት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ፤ ከኋላው አንድ። ባለ ወፍጮው አሥራ አንድ ይዞ መጣና ቁጥሩ አሳፍሮት ግማሾቹን ውጭ አቆማቸው። እኔ ገብተው እንዲቀመጡ አደረግኩ። ሌሎችም የየራሳቸውን ይዘው መጡ። ሁሉንም በስማቸው መዘገብኩ፤ ከመጀመሪያው ጋር ስልሳ ሦስት ሆኑ። ወንበር አልቆብን ከጎረቤት እድር ተዋስን።

በደንቡ ድንኳን በሠልስቱ ይነሳል። ነገር ግን ከመካከላቸው የተነሳ የለም። በሰው አናት ላይ ድንኳን አይፈርስም፤ ተውነው።

ሰማንያኛው ቀን ጠዋት እኔና መቶ አለቃ ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። የወንድይፍራው በር ፊት ለፊታችን ክፍት ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ወንድይፍራው እጁን ታጠበ፣ አደራረቀ፣ ነጭ የለበሰች ልጁን አነሳ።

ድንኳኑ ውስጥ ስልሳ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተነሱ። እጃቸውን ወደ ታች አድርገው ወደ በሩ ዞሩ። ሣሩ ላይ ደም ይንጠባጠብ ጀመር።

ትርንጎ አየቻቸው። «ታስቀምጣታለህ?» አለችው።

«አላስቀምጣትም። ማስቀመጥ ደክሞኛል» አለ ወንድይፍራው።

ልጁን ደረቱ ላይ እንዳቀፋት ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በድንኳኑ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ሲደርስ አሳለፉት፤ ካለፈ በኋላ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ተከተሉት። ልጅቷ ተኝታለች። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሲሆኑ መዝገቤን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

ወንድይፍራው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ከድንኳኑ ያልመዘገብኳቸው ሰዎች ገና እየወጡ ነበር።