ኃይል ቆጣቢው አማች

ይህ ታሪክ ሐሰት ከሆነ መብረቅ ይምታኝ፤ ያውም ቆጣሪ የሌለው መብረቅ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። የተጠራጠረ ሰው የብልጭታን አፍንጫ አይቶ ይምጣ። ዛሬም ወደ ግራ ነው የሚተነፍሰው።

ብልጭታ በያጅ ነው። ከሚስቱ ጋር የሚኖረው አማቱ ቤት ሲሆን፣ እዚያው ቤት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሥጋ ቆራጩም አለ። ሥጋ ቆራጩ መጥረቢያ የሚይዘው ለወጉ ነው፤ ሲቸኩል የበሬ ጭን በጉልበቱ ይሰብራል። አማቲቱ ደግሞ ከሁለቱ ልጆቻቸው አብልጠው የሚሳሱላቸው ጫጩቶች ነበሯቸው። እናታቸውን ድመት በልታባቸው፣ ማድ ቤት ጥግ ካርቶን ውስጥ፣ ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ ትልቅ አምፖል ሙቀት ነበር የሚያድጉት። ለድመቷ በሩን ክፍት የተወላት ብልጭታ ነው።

«እነዚህም ከሞቱ» ብለው ነበር አማቲቱ፣ «ልጄን ትተህልኝ፣ ልብስህን ይዘህ ውልቅ ትላለህ።»

ብልጭታ የመብራት ሂሳባቸውን ቀንሶ ሊክሳቸው አሰበ። አንድ ብርዳም ከሰዓት፣ ሁሉም በወጡበት፣ የቤቱን አምፖል እየፈታ ኤልኢዲ በሚሉት ኃይል ቆጣቢ አምፖል ቀየረው። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ኮሪደሩን፤ የጫጩቶቹንም አልማረውም። የድሮዎቹን በቅርጫት ሰብስቦ በር ሥር አስቀመጠ። ቤቱ ወተት የደፉበት መሰለ። ጫጩቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ እሱ ግን በደስታ የሚጨፍሩ መሰለው።

አማቲቱ ሁለቱን ልጆቻቸውን አስከትለው እንደገቡ እጃቸውን ካርቶኑ ውስጥ ሰደዱ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማነው ያጠፋው?»

«ማንም አላጠፋም እማማ። ይኸው ይበራል አይደል?»

«ልጆቼን በርዷቸዋል እኮ።»

«እሱ አምፖል አይግልም። ጥሩነቱ እሱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ እጅዎን አያቃጥልዎትም።»

ሥጋ ቆራጩ ካፖርቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። «አጥፍቻለሁ በል።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ? እየበራ?»

«ጥፋትህን እመን ነው የምልህ።»

«ካላመንከኝ ማብሪያ ማጥፊያውን ሄደህ እየው። ጣቴንም አላሳረፍኩበት።»

አፍንጫው የሄደው በዚህች ቃል ነው። ቡጢው ከማድ ቤት አንስቶ፣ በሳሎን አሳልፎ፣ መኝታ ቤት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ቁም ሳጥኑም በሩን ዘጋበት። ሲወጣ የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ ነበር።

«እሱን ቀሚስ ደም እንዳታስነካብኝ» አለች ሚስቱ።

ደሙ ግን እስከ ጉልበቱ ወርዶ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባው፤ ጫጩቶቹ የሚፈልጉት ሙቀቱን እንጂ ብርሃኑን አይደለም። «ቆይ ጋሼ፣ የድሮውን ልመልሰው» ብሎ ወደ ቅርጫቱ ተንደረደረ። ሥጋ ቆራጩ ቀደመው። አምፖል እያነሳ ይወረውርበት ጀመር። አንዱ ግንባሩ ላይ ፈነዳ፣ አንዱ ጆሮውን ቀደደው፤ ጎረቤት ጦርነት መስሎት ከነጫማው አልጋ ሥር ገባ።

«አምፖሉን ተው አንተ ጅል» አሉ እናት፣ «በወንበር ምታው።»

ልጅ የእናቱን ቃል አከበረ። ብልጭታ ግን የመጨረሻዋን አምፖል አየር ላይ ቀልቧት ነበር። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፋት። ወንበሩ ጀርባው ላይ ሲደቅ፣ ጎድኑ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ ሲል፣ አንድ ጥርሱን ሲተፋ ሌላውን ሲውጥ፣ እጁን ለመከላከል አላነሳም። እየዳኸ ካርቶኑ ጋ ደረሰ። ደም በሚያሙለጨልጨው ጣቱ አሽከርክሮ አሰራት።

አልበራችም። መስታወቷ ደህና ነው፤ ክሯ ተበጥሷል። የሰፈሩ ሱቅ ደግሞ እንዲህ ያለውን መሸጥ ካቆመ ቆይቷል።

ብልጭታ አንገቱ ከዳው። ራሱ ካርቶኑ ውስጥ ወደቀ። ፊቱ ከቡጢው ብዛት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ገና ከእሳት እንደወጣ ብረት ይፋጅ ነበር። አንዷ ጫጩት መጥታ ጉንጩ ሥር ተወሸቀች። ሌላዋ ተከተለች። ሁሉም ተከተሉ። ጩኸታቸው ረገበ።

«እንዳትንቀሳቀስ» አሉ አማቲቱ።

አልተንቀሳቀሰም። ቆይተው መዳፋቸውን እብጠቱ ላይ አሳርፈው፣ የሕፃን ትኩሳት እንደሚለኩ ሁሉ ትንሽ አሰቡ።

«ይሄኛው ጉንጩ ቀዝቅዟል» አሉ ለልጃቸው። «አንድ ጨምርለት። ቀስ ብለህ ታዲያ፣ ጫጩቶቹን እንዳትነካብኝ።»

ብልጭታ በተረፈችው ዓይኑ ሚስቱን አያት፤ በሩ ላይ ቆማ ቀሚሷን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። «ምታ ጋሼ» አለ ባበጠ ከንፈሩ። «እኔ እንደሆን ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ሥጋ ቆራጩ ቡጢውን አነሳ። እንባው ዱብ ዱብ አለ። «የእህቴ ባል፣ ይቅር በለኝ» ብሎ ጎንበስ አለና ግንባሩን ሳመው። ሲነጋ ጫጩቶቹ በሙሉ በሕይወት ነበሩ፤ ብልጭታም እዚያው ቤት ቀረ።

እንግዲህ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፣ አልደብቃችሁም። አልሳመውም። መታው።