አራት ጊዜ የጠበበው ሱሪ

ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ጀርባ በውስጥ ሱሪ ቆሞ የገዛ ሱሪውን ወገብ በምላጭ ሲፈታ እናቱ ሳያንኳኩ ገቡ።

«እማዬ! ልብስ አልለበስኩም እኮ!»

«ያላጠብኩት ገላ አለህ እንዴ? ሥራህን ቀጥል፤ አላየሁህም።»

እናቱ የምሳ ዕቃውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ክፍሏን በዓይናቸው ዞሯት። ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ለትራስ የዋለ የገበር ጨርቅ ጥቅል አለ። ከጠረጴዛው ስር ባዶ የለስላሳ ጠርሙሶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል።

«ይህን ሁሉ ማን ጠጣው?»

«እኔ ነኛ። ይጠማኛል።»

«ውኃ የለም?»

«ውኃም እጠጣለሁ።»

«እንቅልፍስ? እዚሁ ነው የምትተኛው?»

«ዩኒፎርም በዝቶብኝ ነው።»

«ትምህርት ከተከፈተ ሦስት ወር ሆነው። ዩኒፎርሙ ለማን ነው፣ ለመምህራኑ?»

ወገቡን በሁለት ጣት ልክ አጠበበና ሱሪውን ከመርፌው ስር አስገብቶ ፔዳሉን ረገጠ። መኪናው ጮሆ ጮሆ እስኪቆም እናቱ ጠበቁ።

«ሚስትህ ትናንት እኔ ጋ መጥታ ነበር።»

እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አለቀሰች?»

«ብታለቅስማ በምን ዕድሌ! እህቷ ቤት ይዛ የማትሄደውን ዕቃ እኔ ጋ ላስቀምጥ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የልጃችሁን አልጋ ሳይቀር። በወረቀት ጽፋ ነው የመጣችው፤ አንድ በአንድ። የምታለቅስ ሴት ትመለሳለች፤ ዕቃ የምትጽፍ ሴት ናት የምታስፈራኝ።»

ሚስቱ ነገሩን የቆረጠችው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ስትናደድም ለሕፃናቱ እንደምትናገረው ቀስ ብላ፣ ቃሉን እያነጠረች ነው። «እስከ ዓርብ ስሟን ንገረኝ» አለችው። «ዓርብ ከሥራ ስወጣ ካልነገርከኝ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

ስም የለም። ሴትም የለችም። ግን ማን ያምነዋል? ሰባት ወር ሙሉ ጀርባውን ሰጥቷት ተኝቷል። መጀመሪያ ደከመኝ አለ፤ ቀጥሎ ወገቤን አለ፤ በመጨረሻ ብርድ ልብሱን ይዞ ሱቅ ገባ። በዚያ ላይ አምሮበታል። ሱሪው በልኩ፣ ሸሚዙ በልኩ፣ ኮቱ ሽክ ያለ። ሰፈሩ «ወጣት ሆንክ እኮ!» ይለዋል። ሚስቱ ግን «ለማን ነው?» ትለዋለች።

እውነቱን ሊነግራት ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘግቷል። ፍቅሩ እዚያው አለ፤ ፍላጎቱም አለ፤ ሰውነቱ ግን ሲጠሩት እንዳልሰማ ሰው ዝም ይለዋል። ገና አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ይህን በየትኛው አፍ ይናገሩታል?

ዛሬ ዓርብ ነው። ሚስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ትወጣለች። አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል።

«አምጣው እስቲ፣ ክሩን ልቁረጥልህ» አሉ እናቱ፤ ሱሪውን ከእጁ ወስደው፣ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ወገቡን ገለበጡት።

በወገቡ ውስጠኛ በኩል ስፌቶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የዛሬው አራት። ትርፉ ጨርቅ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ብዛቱ ለሕፃን ቁምጣ ይበቃል።

«ይህ ሱሪ ስንት ጊዜ ነው የጠበበው?»

«እንዲያው ሲሰፋኝ ጊዜ...»

«ጨርቅ ያድጋል እንዴ?»

«ትንሽ ከስቻለሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ! የሰው ወገብ በዓይንህ ብቻ አይተህ የምትናገር ሰው፣ የራስህ ወገብ ስንዝር ሙሉ ሲጎድል መሰለኝ ትላለህ?»

ሱሪውን እንደያዙ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ።

«አባትህ ቡናማ ቀበቶ ነበረው። በየወሩ አንድ ቀዳዳ ይጨምርበት ነበር። እኔ ሞኟ ‹ቦርጭህ ጠፋ፣ ጎሽ!› እለው ነበር። ምስማሩን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ገባህ? በእነዚህ እጆቼ። ስኳር ነው ሲሉን እግሩ ቆስሎ ነበር።»

«እማዬ፣ እኔ ደኅና ነኝ።»

«እሱም እንደሱ ነበር የሚለው። መቀስህ የት አለ?»

ሳይፈቅድላቸው መሳቢያውን ሳቡት። ከቁልፍና ከክር መሐል አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ወጣች። ልብስ ሰፊው ሊነጥቃቸው ተንደረደረና በውስጥ ሱሪ መሆኑ ትዝ ሲለው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እናቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ፊደል ካዩ ሳያነቡ አያልፉም። ቆርቆሮዋን አቀረቡ፣ አራቁ፣ መልሰው አቀረቡ። ክዳኗ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ተስሏል። ከፈረሱ ስር የተጻፈውን ሲጨርሱ ፊታቸው ቀላ።

«እኔ ምንም አላነበብኩም» አሉ።

«እማዬ...»

«መነጽሬ ደፍርሷል፤ ምንም አላነበብኩም።» ቆርቆሮዋን በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። «ይልቅ ልበስ። ክሊኒክ እንሄዳለን።»

«ደንበኛ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ! ካልተነሳህ እኔም ከዚህ በርጩማ አልነሳም። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የአባትህን ቀበቶ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምሬ እተርክለታለሁ።»

ለበሰ።

በመንገድ ላይ እናቱ አላረፉም። በጥላው በኩል ሂድ አሉት፤ ከመኪናው ራቅ በል አሉት፤ ጫማህ እግርህን ይልጠው እንደሆነ ንገረኝ አሉት። ክሊኒኩ ሲደርሱ ነርሷ ጣቱን ወግታ አንዲት የደም ጠብታ በመለኪያው ወሰደች። ቁጥሩን አየች፤ ፊቱን አየች፤ ሁለተኛ ጣቱን ወጋች።

«ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት» አለች። «ተራ መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ይግቡ።»

ሐኪሟ በእሱ ዕድሜ ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። ሴት መሆኗን ሲያይ ልቡ ወደ በሩ ተመለሰ። እናቱ ግን ቀድመውት ገብተው መሐረቡን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ።

«ዶክተር፣ ይህችን ከሱቁ አግኝቻት ነው። ምን እንደሆነች አላውቅም። እኔ ውጭ ነኝ።» በሩን ዘጉት። ወዲያው መልሰው ከፈቱት። «አባቱ በስኳር ነው የሞተው!» እንደገና ዘጉት።

ሐኪሟ መሐረቡን ፈታች። «ከዚህ ኪኒን ስንት ወሰዱ?»

«መጀመሪያ አንድ። እምቢ ሲለኝ ሁለት ሁለት።»

«ምን ተሰማዎት?»

«ራሴን ፈለጠኝ። ልቤ ደለቀ። ሌላ ምንም።»

«ለምን ነበር የወሰዱት?»

ዓይኑን የክብደት ሚዛኑ ላይ ተከለ። ሐኪሟ ጥያቄዋን ለወጠች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«የሴትም ይሰፋሉ?»

«አዎ።»

«የሴት ደረት ሲለኩ ያፍራሉ?»

«ኧረ፣ ሥራዬ እኮ ነው!»

«ይኼም የኔ ሥራ ነው። ይንገሩኝ።»

ነገራት። ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው፤ ሰባቱን ወር፣ ብርድ ልብሱን፣ የዛሬን ዓርብ ሁሉ ነገራት። አልሳቀችም፤ አላዘነችለትም። ጠዋት ሲነቁስ እንዴት ነው? ለሽንት ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ሲጋራ ያጨሳሉ? ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ይይዝዎታል? እየጠየቀች ትጽፋለች፤ ጫማውን አስወልቃ እግሩን ታያለች። እሱ ራሱ ደንበኛን ትከሻ፣ ክንድ፣ ወገብ እያለ እንደሚለካው ነው። እንዲህ ሲሆን ማፈሩን ረሳው።

«ስንፈተ ወሲብ ይባላል» አለች ብዕሯን አስቀምጣ። «በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ወንዶች ያጋጥማቸዋል፤ ሁሉም ብቻዬን ነኝ ብለው ይደበቃሉ። የእርስዎ መነሻው ስኳሩ ይመስለኛል። ስኳር ሲቆይ ደም ሥሩንና ነርቩን ይጎዳል። እዚያ ያሉት ደም ሥሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ከልብ ቀድመው ይናገራሉ። ሰውነትዎ በጊዜ ነግሮዎታል።»

«ይድናል?»

«ስኳሩ አብሮዎት ይኖራል፤ ግን እንቆጣጠረዋለን። ኪኒን ዛሬ ይጀምራሉ፤ ለስላሳውን ዛሬ ይተዋሉ፤ በእግርዎ ይሄዳሉ። ያንን ብቻ ስናደርግ ብዙ የሚሻሻል ነገር አለ። ግፊትዎንና ልብዎን መርምሬ ደግሞ ለሌላው ችግርዎ ደኅና መድኃኒት አዝዝልዎታለሁ። አንዱ ባይሠራ ሌላ አለን። ተስፋ የሚያስቆርጥ በሽታ ይዘው አልመጡም። ይህችን ግን» ቆርቆሮዋን ወደ ራሷ ሳበች፤ «ውስጧ ምን እንዳለ የሠራት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢውጣት ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ማን ሰጠዎት?»

«ጎረቤቴ ነው፤ ጫማ ሻጩ።»

«እሱ የእግር ልክ ይለካ። ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ። ከሚስትዎ ጋር።»

«ከሚስቴ?»

«አልጋው የሁለታችሁ አይደል?»

ሊወጣ ሲነሳ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል የከሳ ሰው ልብሱ ይንሳፈፍበታል። እንዴት ማንም አላየዎትም?»

ልብስ ሰፊው ወደ ሱሪው አጎነበሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪው ይወርድበት ነበር። ሚስቱ ታይ ነበር፤ ትደነግጥ፣ ክሊኒክ ትጎትተው ነበር። እሱ ግን በሽታውን በሠለጠነ እጁ እያጠበበ ሰፍቶ፣ ተኩሶ ለብሶታል። ሚስቱ ያየችው የተኮሰውን ብቻ ነው።

እናቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ስኳር ነው?»

«ስኳር ነው።»

ግድግዳውን ያዙ።

«እግሬ ደኅና ነው እማዬ። አይታዋለች። በጊዜ መጥተሃል ብላኛለች።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነት።»

ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ ወዲያ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ሌላውስ?» አሉ።

«የቱ ሌላ?»

«እኔ ምን አውቄ! ምንም አላነበብኩም አላልኩህም?»

«እሱም ይታከማል።»

«ተመስገን!» አሉ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ሱቅ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ልብስ ሰፊው ለሚስቱ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ጀምሮ አምስት ጊዜ ጣለው።

«የሐኪሟን ወረቀት አሳያት» አሉ እናቱ።

«ወረቀት ታምናለች? ‹ወረቀት የትም ይጻፋል› ትለኛለች።»

መጋረጃውን ሳበ። እናቱ የምላጩን ድምፅ ሰሙ፤ ክር ሲበጠስ፣ ጠር፣ ጠር፣ ጠር። አራተኛውን ስፌት ተረተረ፤ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን፣ የመጀመሪያውን። ለብሶ ሲወጣ ሱሪው ከወገቡ ሊወርድ ሆነ፤ ትርፉን በጡጫው ጨምድዶ ያዘው።

«በዚህ ልትወጣ?» እናቱ ራሳቸውን ያዙ። «ቆይ፣ መርፌ ቁልፍ ልስጥህ!»

«አይሆንም።»

«ሰው ምን ይላል? ልብስ ሰፊ ሆነህ!»

«ያለውን ይበል። እማዬ፣ ሱቁን ዝጊልኝ።»

ጫማ ሻጩ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። «ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ። «የማንን ሱሪ ነው የለበስከው?»

«የራሴን። ያቺን ቆርቆሮህን ደግሞ ሐኪም ወስዳብሃለች። የቀሩህን ጣላቸው፤ ሰው ትገድላለህ።»

ጫማ ሻጩ የጀመረው ሳቅ አፉ ውስጥ ቀረ።

ከሱቁ እስከ ትምህርት ቤቱ ስምንት ደቂቃ ያስኬዳል። በሰፈሩ ሽክ ብሎ የሚታወቀው ሰው ጆንያ እንደለበሰ ሆኖ፣ አንድ እጁ ወገቡ ላይ፣ በአውራ መንገድ ሄደ። አንዲት ደንበኛው ሰላም ልትለው ጀምራ አፏን ዘጋች። እሱ ግን አንገቱን አልደፋም።

ሚስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ወጣች። ከሩቅ ስታየው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ስሟን ልትነግረኝ ነው?»

«ይህን ሱሪ ታውቂዋለሽ? ጨርቁን አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ። አምና ልኬ ነበር።»

ጡጫውን ከፈተና የሱሪውን ወገብ ከሆዱ አራቀው። በመካከሉ ሁለት ደብተር የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

«ያማረብኝ ይኼ ነው» አለ። «ስኳር አለብኝ። አልጋ ላይ ያለውም ነገር ከሱ ነው የመጣው። ሴት የለችም። አፍሬ ነው። ሰባት ወር ሙሉ አንቺን አፈርኩ። ማክሰኞ ሐኪሟ ሁለታችሁም ኑ ብላለች።»

ሚስቱ ጠጋ አለች። ክፍተቱን አየችው፤ ጉንጩን አየችው፤ አንገቱን አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሁሉ። እጇን ወደ ክፍተቱ አስገብታ ለካችው። እጇ እስከ አንጓው ጠፋ።

«አንተ ሰው!» አለች። «አልቀሃል እኮ!»

ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በአጠገባቸው ያልፋሉ። አንዱ ሕፃን «ቲቸር፣ የሰውዬው ሱሪ ወደቀ!» አለ። ሚስቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከኋላው ዞረችና የሱሪውን ወገብ በጡጫዋ ሰብስባ ያዘችው።

«ሂድ» አለችው። «እኔ ይዤዋለሁ።»

እሱም እጁን ለቀቀ።