በመስኮት የታዘዘ ሠርግ

ዕድሜዋ ሰባት ነው፤ ቤተሰቡ ግን «ዳኛዬ» ነው የሚላት፤ እቤት ውስጥ ያለ እሷ ፍርድ የሚያልፍ ነገር የለማ። የደም ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ አምስት ወር ሆኗል። እናቷና ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ለታመሙ ልጆች ቤተሰቦች በተከፈተው ማረፊያ ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው፣ እየተፈራረቁ ያስታምሟታል። አክስቷ የገዛ ራሷን የሠርግ ቀሚስ የሰፋችውም እዚያው፣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው።

በሠርጉ አበባ ያዥዋ ዳኛዬ ልትሆን ነበር። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ዶክተሩ የደም ውጤቷን ይዞ መጣ።

«ኬሞው ነጭ የደም ሴሎችሽን በጣም ቀንሷቸዋል፤ ጉንፋን እንኳ ሊጎዳሽ ይችላል። ለጊዜው ከዚህ ክፍል አትወጪም።»

«እስከ መቼ?»

«ምናልባት ሁለት ሳምንት።»

ዳኛዬ አላለቀሰችም። ወደ ግድግዳው ዞራ ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ሳበች። እናቷ ኮሪደር ወጥታ የእሷንም ድርሻ አለቀሰችላት።

አክስቷ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። «እንግዲያው ሠርጉ ወደ እሷ ይሄዳል።»

«አብደሻል እንዴ?» አለች እናት።

«እስካሁን አለማበዴ ነው የሚገርመው!»

የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ ድምጿ ለስላሳ፣ ግን እምቢ ሲሏት የማትሰማ ሴት ናት። የሆስፒታሉን አስተዳደር ስትነዘንዝ ውላ የግማሽ ሰዓት ፈቃድ ይዛ ተመለሰች፤ ቦታው ከዳኛዬ መስኮት ሥር ያለው መኪና ማቆሚያ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጮኛዋንና አርባ እንግዳ አስከትላ በሩ ላይ ደረሰች።

«ለአንድ በሽተኛ ሁለት ጠያቂ ብቻ!» አለ ዘበኛው።

«እኛ ጠያቂ አይደለንም፤ ሠርገኞች ነን።»

ኃላፊዋ የፈቃዱን ወረቀት ዘረጋችለት። አንድ ጊዜ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ታዲያ ሙዚቃው የታለ?» አለ።

ሙዚቃውን ያዘጋጀው ሙሽራው ነው። በትልቅ ድምፅ ማጉያ ዘፈን ከፈተ፤ የሙሽራዋንም ስልክ ከዚያው ጋር አገናኝቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለችው ለዳኛዬ ደወለ። ግቢውን የልጅ ድምፅ ሞላው።

«ይሰማል? ይሰማል? ሁላችሁም ዝም በሉ!»

አርባ ሰው ጸጥ አለ።

«ሙሽራው በአንድ እግሩ ይዝለል!»

ዘለለ።

«በሌላኛውም! ዘበኛው ይሽከርከር!»

ዘበኛው ተሽከረከረ፤ ኮፍያው በረረች። በየመስኮቱ ፀጉራቸው የረገፈ ሕፃናት ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። «እንደ ዝንጀሮ!» አለ አንዱ። «ወደ ኋላ!» አለች ሌላዋ። እንግዶቹ የቱን ትእዛዝ እንደሚፈጽሙ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ከላይ ሳቁ ይንጫጫል።

በዚህ መሀል የዶክተሩ መኪና መጥታ መንገድ አጣች። ዶክተሩ ወርዶ፣ «ምን ጉድ ነው?» ሲል ከድምፅ ማጉያው መልስ መጣለት።

«ዶክተር፣ ሳይጨፍሩ አያልፉም! ተፈርዷል!»

ዶክተሩ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ቦርሳውን መኪናው ላይ አስቀመጠና ጨፈረ። ትከሻው ወደ አንድ በኩል፣ ወገቡ ወደ ሌላ፣ ሁለቱም ከዘፈኑ ጋር ሳይተዋወቁ። ሲስተሮቹ ጮኹለት። እናት ከዳኛዬ አጠገብ የአፍ መሸፈኛዋን አጥልቃ ቆማለች፤ ጎኗን እስኪወጋት ሳቀች። አምስት ወር ያልሠራ ጎን ነው፤ ሳቁ ሲያምመው ራሷን ገረማት።

ግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። በመጨረሻ ሙሽራዋ ወደ ላይ አንጋጣ፣ «ዳኛዬ፣ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ድምፅ ማጉያው ትንሽ አሰበ።

«ጭፈራ ልምምድ ይቀረዋል። ግን አግቢው።»

ሙሽራዋ ሰው ሁሉ እያየ ሙሽራውን በሁለት እጇ አቅፋ ከመሬት አነሳችው።

የዳኛዬ ደም በአሥረኛው ቀን አገገመ። ሕክምናው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ክፉ ሳምንታትም ነበሩት። ዛሬ ሕክምናውን ጨርሳ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ምርመራዋን በየሦስት ወሩ ታደርጋለች። እናቷ ረቡዕ ረቡዕ ማረፊያ ቤቱ ሄዳ አዲስ የሚመጡ እናቶችን ትቀበላለች። ሻንጣቸውን ይዛላቸው ትገባለች፤ ሙቅ ውኃ የሚመጣበትን ሰዓት ትነግራቸዋለች፤ ሊያወሩ የፈለጉ እንደሆነም ወንበር ስባ ትቀመጣለች።