ድንጋይ ለቀማ በፒላድጂ

«ለፒላድጂ መንደር ነዋሪዎች በሙሉ፤ የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴው ክረምቱን ሙሉ ሲመክርና ሲዘክር ከቆየ በኋላ፣ ጎብኚዎች ከባሕሩ ዳር የሚለቅሙትን አምበር የሚከቱባት የአንገት ከረጢት ቀለሟ ሰማያዊ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ ደስታ ያበስራል። አረንጓዴ ትሁን ያሉት ሁለት አባላት ለመንደሩ ሰላም ሲሉ ሐሳባቸውን ትተዋል።»

«ከጨርቅ ነው የሰፋችኋት?» አለ አስጎብኚው ዣኒስ።

«ከጥጥ» አለች ኢንጉና፣ ማስታወቂያውን ሱቋ በር ላይ እየለጠፈች። የሱቁም የኮሚቴውም አለቃ እሷው ናት። «ታጥባ የምትደርቅ፣ አንደኛ ጥጥ።»

«እኔ የጠየቅኋችሁ ቆርቆሮ ነበር። ክዳን ያለው።»

«ቆርቆሮ ጥያቄ ያስነሳል፣ ጋሼ። ሰው ‹ለምን በቆርቆሮ?› ይላል። ከረጢት ሲሰጡት ግን ማን ለምን ይላል? አመስግኖ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል እንጂ።»

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የፒላድጂ ባሕር ሁለት ዓይነት ቢጫ ድንጋይ ይተፋል። አንደኛው አምበር ነው፤ ጌጥ ይሆናል። ሁለተኛው ባሕሩ ወለል ላይ ከተጣሉ ቦምቦች የሚወጣ ፎስፈረስ ነው። እርጥብ ሳለ ይተኛል፤ ሲደርቅና ሲሞቀው ተነስቶ ይነዳል። በዓይን የሚለያቸው የለም። የፒላድጂ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ባሕር የሚልኩት ኪሳቸውን ሰፍተው ነው። የእንግዳን ኪስ ግን ማን ይሰፋል?

ባለፈው መከር ዣኒስ ይመራቸው ከነበሩት እንግዶች አንዷ ከቫልሚየራ የመጣች ሴት ነበረች። የሱሪዋ ኪስ እዚያው አሸዋው ላይ ነደደ። ዣኒስ በእርጥብ አሸዋ እየደፈነ ሊያጠፋ ሲታገል የራሱም መዳፍ ተላጠ። ሴትየዋ ዛሬም በክራንች ነው የምትሄደው። ኮሚቴው «ኪሷ ውስጥ ክብሪት ነበራት» ሲል መግለጫ አወጣ። ከዚያም ጎብኚ በፒላድጂ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚዘረዝር አዲስ ወረቀት አሳተመ፦ ብስክሌት መንዳት፣ የተጨሰ ዓሣ መቅመስ፣ የመርከቦቹ መብራት ማማ ላይ መውጣት፣ አምበር መልቀም። ብስክሌት ሊነዳ ብሎ እስከ ፒላድጂ የመጣ ሰው እስካሁን አልታየም።

ዣኒስ ቤቱ ሲገባ ልጁ ሳኒታ ለእንግዶቹ የጥቁር ዳቦ ቅርጫት እያዘጋጀች ነበር። ከባሏ ከተለያየች በኋላ ትንሿን ልጇን ይዛ ተመልሳ፣ የአባቷን ቤት ሁለት ክፍል ለእንግዳ አድሳለች።

«አባዬ፣ ዛሬ አንድ ቃል እንዳይወጣህ።»

«ሰው ቢቃጠልስ?»

«በየዓመቱ አይቃጠልም። እኛ ግን በየዓመቱ እንበላለን።» ቢላውን አስቀመጠች። «ይሄ በጋ እንግዳ ከሌለው አየርላንድ ነው የምሄደው። ወንድሜ እንጉዳይ ፋብሪካው ሥራ አለ ብሎኛል። ልጄንም ይዣት ነው የምሄደው።»

ወንድሟ ከሄደ ወዲህ የሚመጣው ለቀብር ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ቀጣዩ ቀብር የማን እንደሚሆን ዣኒስ አይጠፋውም።

«እሺ» አላት።

«እሺ አይበቃኝም። ማልልኝ።»

«በእናትሽ መቃብር። አንድ ቃል አልናገርም።»

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከዋና ከተማው ከሪጋ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ቪዝማ የምትባለው ሚስት ከባሏ ይልቅ ፈጣን ናት፤ ማዕበሉ የተወውን የባሕር ሣር በእግሯ እየገለበጠች ቀድማ ትሄዳለች። ሳኒታ ቅርጫቷን ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

«አገኘሁ!» ቪዝማ እጇን አነሳች። መዳፏ ላይ የተላጠ ሽንብራ የመሰለ ቢጫ ነገር አለ። «ጋሼ፣ እውነተኛ ነው?»

«ከረጢቱ ውስጥ ይክተቱት» አለ ዣኒስ። ወዲያው ከረጢቷ የምታርፈው ደረቷ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው ምላሱን ነከሰ።

«ከረጢቷማ ስስ ናት፤ ይጠፋብኛል።» ኮቷን ገልጣ ከውስጥ ኪሷ ከተተችው።

«እስቲ ልየው።»

«አንዴ ካዩትማ አይመልሱልኝም!» ብላ ሳቀች። «የመንደሩ ድርሻ አለበት እንዴ?»

ባሏም ሳቀ። ሳኒታ አልሳቀችም።

ምሳ ሰዓት ላይ አሸዋው ጉብታ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ቆመ፤ ፀሐይ ወጣች። ቪዝማ ሞቀኝ ብላ ኮቷን አወለቀችና ፀሐዩ ላይ ዘረጋችው። ሳኒታ የተጨሰ ዓሣ ቆርሳ አቀረበችላቸው። ባልየው ዓሣው ሪጋ ውስጥ ከሚሸጠው በምን እንደሚለይ ያስረዳ ጀመር። ዣኒስ አይሰማውም፤ ዓይኑ ከኮቱ አልተነቀለም። ቀና ሲል የልጁም ዓይን እዚያው ነበር።

«እመቤቴ፣ ኮትዎን ከፀሐዩ ያንሱት።»

«ይሞቀው እንጂ፤ ረጥቦ ነበር።»

«ያንሱት ብያለሁ።»

«አባዬ» አለች ሳኒታ፣ በቀስታ።

ዣኒስ ተነሳ። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ጠባሳ ያለበት መዳፉ ራሱ አውቆ ተመለሰ። ኮቱን በአንገትጌው አንጠልጥሎ ወደ ባሕሩ ሮጠ። ውኃው ወገቡ ሲደርስ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ኮቱ ክንዶቹን ዘርግቶ ጥቂት ተንሳፈፈና ሰመጠ።

«ስልኬ!» ቪዝማ ጮኸች። «የመኪናው ቁልፍ!»

«አብደሃል እንዴ?» ባልየው ‹እርስዎ› ማለቱን እዚያው ጣለው። «እኛ ወደዚህ የመጣነው ልንዘረፍ ነው?»

«ሳኒታ፣ አባትሽን ምን ነካው?» አለች ቪዝማ። «ይታመማል እንዴ?»

ሳኒታ አፏን ከፈተች። አባቷን አየችው፤ ከባሕሩ ወጥቶ ከወገቡ በታች ውኃ ይንጠባጠባል። ከዚያ እንግዶቹን አየች፤ የነገውን አልጋ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት አልጋ። አፏን ዘጋችና ዳቦውን ወደ ቅርጫቱ ትመልስ ጀመር።

ቪዝማ ዣኒስ ፊት መጥታ ቆመች። ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ቁጣዋም እንባ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

«ምክንያት ይኖርሃል። አንዲት ምክንያት ንገረኝና ይቅር ልበልህ። ለምንድነው?»

«አልናገርም» አለ ዣኒስ።