ጣቷ ላይ የተቀመጠ አንደበት

ትሕትና ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም የተመለሰችው ለጊዜው ተብሎ ነበር። እንዲያ ያለው ታላቅ ወንድሟ ይሄይስ ነው። አባታቸው መሪጌታ ቂርቆስ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያስተምሩ ድንገት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ምላሳቸውም ታሰረ። እናታቸው ከሞተች ቆይታለች። ይሄይስ ቡሬ ላይ በቆሎ ይነግዳል፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ትሕትና ግን አላገባችም፤ ኮምፒውተር ተምራ ገና መመረቋ ነበር።

«መላ እስካገኝ ድረስ ለጊዜው አንቺ ያዢያቸው» አላት። ፋሲካ አልፎ ሌላ ፋሲካ መጣ።

ጠዋት ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ገበያ ከወጣች እየሮጠች ነው የምትመለሰው፤ ከአልጋ ቢወድቁ መጣራት አይችሉም። የሚያውቋት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟት «የኔታ እንዴት ናቸው?» ይላሉ። እሷ እንዴት እንደሆነች የሚጠይቅ ከጠፋ ሰነባብቷል።

ከዩኒቨርሲቲ ይዛው ከመጣችው ዕቃ ሁሉ የምትሳሳለት፣ የክፍል ጓደኛዋ ሕሊና ስትለያት የሰጠቻትን ሚዲ ኪቦርድ ነበር። ነጭና ጥቁር ቁልፎች የተደረደሩበት፣ ክንድ የማያህል ነገር ነው። ለብቻው ድምፅ የለውም፤ በገመድ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ነው ላፕቶፑ የሚያዜምለት። ትሕትና የምትጠቀምበት ለኦንላይን ጌም ነበር። ጌሙ ከየአገሩ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚገባበት ሰፊ ዓለም ነው፤ ከተማ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ጦርነትም አለው። ሌሎቹ ሲዋጉና ሲነግዱ፣ የትሕትና ገጸ ባሕርይ ድልድይ ላይ ቁጭ ብላ ክራር መሳይ መሣሪያ ትጫወታለች። ጌሙ መሣሪያውን የሚያስመታው በኮምፒውተሩ ፊደላት ነው። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ግን የሚዲ ኪቦርዱን ቁልፎች ወደ ፊደል ትለውጥላታለች። እናም የሷ ጣት ነጩ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ድልድዩ ላይ ያለችው ሴት ክሯን ትመታለች። ትዝታና ባቲ ስትጫወት ጋሻቸውን ያነገቱ ሰዎች መንገዳቸውን ትተው ዙሪያዋን ይቀመጡ ነበር።

የሞደሙ ኢንተርኔት የሚሻለው ቢሮዎች ለምሳ ሲዘጉ ነው። ስለዚህ አባቷን አብልታ፣ አፋቸውን ጠርጋ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጌሙ ውስጥ ትገባለች። ከአልጋቸው እስከ ወንበሯ እጅ ቢዘረጋ ይደርሳል። ያም ሆኖ ለዚያች አንድ ሰዓት እሷ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረችም።

አንድ ቀን የማዳመጫው ገመድ ተበጠሰና ድምፁ በላፕቶፑ ወጣ። አባቷ ዘፈን እንደማይወዱ ታውቃለች። እንዳይከፉባት ብላ፣ ልጅ ሆና አባቷ ሲያስተምሩ ከአጥር ውጭ ስትሰማው ያደገችውን አንድ የቤተ ክርስቲያን የአራራይ ዜማ መጫወት ጀመረች። መጨረሻው ላይ ተሳሳተች።

ከአልጋው ድምፅ መጣ። ያበላሸችውን ሐረግ አባቷ አቃንተው አዜሙት፤ ከነቃሉ።

ትሕትና ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረች። ከዚያ ሆን ብላ ደግማ ተሳሳተች። አሁንም አዜሙት፣ ተማሪ እንዳስመረረው መምህር ቆጣ ብለው። ተነሥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ቃል ቢጠፋባት ጥያቄዋን በዚያው ዜማ አደረገችው።

«አባባ፣ ውሃ ልስጥዎ ወይ?»

አባቷም «ስጪኝ፣ ልጄ፣ ስጪኝ» ብለው አዜሙ።

ውሃውን ስታጠጣቸው ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። የጤና ጣቢያው ነርስ ኋላ ሲሰማ አልተገረመም። የንግግርና የዜማ ቤታቸው አንጎል ውስጥ ለየቅል ነው፣ አንዱ ፈርሶ አንዱ የሚተርፍለት ሰው አለ አላት።

ወሬው ሠፈሩን አዳረሰ። ካህናቱ መጡ፣ የቀድሞ ተማሪዎች መጡ። ሁሉም ኪቦርዱን እያዩ «እስቲ አንዴ አናግሪልን» ይሏታል። ይሄይስና ሚስቱ ካሰችም ከቡሬ መጡ። ይሄይስ የአባቱን ጉልበት ስሞ አለቀሰ። እሱ እንባውን ሲጠርግ ትሕትና ደጅ አውጥታ ስታመነታ የከረመችበትን ነገር ነገረችው።

«አያ ይሄይስ፣ ባሕር ዳር አንድ ድርጅት ለኮምፒውተር ሥራ ጠርቶኛል። ነሐሴ ሳይጋመስ ግቢ ብለውኛል።»

«አሁን?»

«ሰው ልንቀጥርላቸው እንችላለን።»

«የምትቀጠረዋ ይህን ነገር መምታት ታውቃለች?» አለ ወደ ቤቱ እያመለከተ። ድምፁ ክፋት አልነበረውም። «እግዜር አንደበታቸውን ጣትሽ ላይ አስቀምጦ እያየሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ?»

ከዚያ ቀን በፊት የያዛት የአባቷ ዝምታ ነበር፤ አሁን ደግሞ መናገራቸው ያዛት።

ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቋንቋውን ባያውቁም በላፕቶፑ ማይክሮፎን የአባቷን ድምፅ ሰምተው ወደውት ነበር። ስትገባ «ሽማግሌው ዘማሪ ዛሬ የሉም?» ብለው ይጽፉላታል። አንድ ቀትር ብዙ ሰው ድልድዩ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ትሕትና ቆረጠች። ወንድሟ ያላስጨረሳትን እሳቸውን ልትጠይቅ ተነሣች። ዜማውን ቀስ አድርጋ እየመታች፣

«አባባ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ባሕር ዳር ልሂድ ወይ?» አለች።

አባቷ ጣሪያውን እያዩ መለሱላት። ሲያዜሙ እንደዚያ ቀን ጠርቶ ድምፃቸው ወጥቶ አያውቅም።

«አትሂጂ፣ አትሂጂ ልጄ፤ ቤቱ ጨለማ ነው፣ አትሂጂብኝ።»

የላፕቶፑ መስኮት በጭብጨባ ምልክት ተሞላ። አንዱ «እንዴት ያምራል፤ ይድገሙት» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?» አለች።

ትሕትና «ስለ ቤት ነው» ብላ ጻፈችላትና ላፕቶፑን ከደነችው።

በነሐሴ 2008 አገሩ ታወከ። መንገድ ተዘጋ፤ ኢንተርኔትም ጠፋ። ድርጅቱ ያለው ቀን እሷ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ አለፈ። ኪቦርዱ ከዚያ ወዲያ የሚያገለግለው «አመመዎት ወይ?»፣ «ላገላብጥዎ ወይ?» ለማለት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ጭራሽ አልከፈተችውም። አባቷ ጠብቀው ጠብቀው በደህናው እጃቸው የአልጋውን እንጨት መታ መታ አደረጉ። ጀርባዋን ሰጥታቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አፈረች፤ ግን አልተነሣችም።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲከፈት ካሰች መጣች። የትሕትናን ፊት ስታይ ብዙ አልጠየቀችም።

«ሂጂ እስቲ ፀጉርሽን ተሠሪ። አባባን እኔ አጥባቸዋለሁ።»

ትሕትና ወጣች፤ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሰው በዝቶ ስላገኘች ግን ወዲያው ተመለሰች። ግቢ ስትገባ ካሰች የአባቷን እግር እያጠበች የአገሯን የአረም ዘፈን ታንጎራጉራለች። ከዚያ በዘፈኑ ልክ የአባቷ ድምፅ ተከተለ።

«ውሃው ቀዘቀዘ፣ ካሰች፣ ውሃው ቀዘቀዘ።»

ትሕትና በሩ ላይ ቆመች። ደስ ሊላት ሲገባ አንድ ነገር የሰረቋት ያህል ተሰማት። ኪቦርድ አላስፈለጋቸውም። ጣቷም አላስፈለጋቸውም። የአረም ዘፈን በቃቸው።

ካሰች አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ደጅ ወጣች።

«እቴ፣ ይህን ለይሄይስ እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«አንቺን ያሰሩሽ ስላላገባሽ ነው። እኔን ደግሞ የሚያስሩኝ ስላገባሁ ነው። ነገ ጭኖ ቡሬ ያመጣቸውና "አንቺ ታናግሪያቸዋለሽ" ብሎኝ እሱ መጋዘኑ ይገባል። ልጆች አሉኝ፣ ከብት አለኝ። እወዳቸዋለሁ፤ ግን አልችልም።»

ትሕትና ቀኑን ሙሉ አሰበችበት። አንድ ቃል ብትናገር ትወጣለች፤ የምትወጣው ግን ካሰችን በሷ ቦታ ትታ ነው። በነጋታው ስልክ ደውላ ይሄይስን ለእሑድ ጠራችው።

ሲመጣ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። አብራው የመጣችው ካሰች በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ዛሬ አንተ አዚምላቸው።»

«እኔ?» አለ ይሄይስ። «ድምፅ እንደሌለኝ ያውቃሉ።»

ያውቁ ነበር። ይሄይስ ልጅ ሆኖ ዜማ ሲማር፣ አባቱ በተማሪዎቻቸው ፊት «ይህ ጉሮሮ ለበሬ መጥሪያ ነው» ብለውት፣ ከዚያ ወዲያ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ድምፁን አውጥቶ አያውቅም።

«በኪቦርዱ አይደለም የሚናገሩት» አለች ትሕትና። «በእኔም ጣት አይደለም። ማንም ቢያዜምላቸው ይመልሳሉ። ራሴ ሞክሬ አይቼዋለሁ።»

ካሰች ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ይሄይስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ እንደምን አሉ?» ብሎ ጀመረ። ዜማው መሐል ላይ ተሰበረ። መሪጌታ ቂርቆስ ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣

«አይደለም፣ አይደለም፤ ከፍ አድርገው» ብለው አዜሙ።

ይሄይስ ብድግ ብሎ ወጣ። ትሕትና ተከትላው ስትወጣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አገኘችው።

«ዛሬም አይደለም ይሉኛል» አለ።

«እኔንም ይሉኛል። ግን መለሱልህ።»

ትሕትና ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እሑድ እሑድ ና። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ። ካሰችን አይደለም የምለው፣ አንተን ነው።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

እሺ አላለም። ግን በሚቀጥለው እሑድ ፊቱን አኮማትሮ መጣ።

ትሕትና ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ «ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር!» እያሉ ይጣራሉ። የተጠራችበት ሥራ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ሰምታለች፤ ቢሆንም ባሕር ዳር በሚሄደው መኪና ከገባች እንደምትመለስ ራሷን አላመነችም። በተቃራኒው መንገድ ወደ ጅጋ የሚሄደውን ሚኒባስ ያዘች። ጅጋ ላይ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጣ አህያ እየነዱ የሚያልፉ ሰዎችን ስታይ ዋለች። የሚጠራት አልነበረም። እጇን ምን እንደምታደርገው ስለቸገራት ሻይ ደጋግማ አዘዘች። ጥላ ሲረዝም ተመለሰች።

ይሄይስ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። አባታቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«እንዴት ዋላችሁ?»

«ሲሰድቡኝ ዋሉ።»

«በዜማ?»

«በዜማ» አለ፤ ሊስቅ ቃጥቶት ነበር።

«የሚመጣው እሑድስ?»

ኮቱን አነሣና ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ጭነት አለብኝ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «እስቲ።»

በዚያ ዓመት በአንዳንዱ እሑድ መጣ፣ በአንዳንዱ ቀረ። የዚያን ዕለት ማታ ግን ትሕትና ይህን አታውቅም ነበር። ወንድሟን የወሰደው መኪና ድምፅ እስኪርቅ አዳመጠች። ከዚያ ነጠላዋን አስቀምጣ፣ የሚገላበጡበት ሰዓት ስለነበረ፣ ክንዷን ከአባቷ ጀርባ ሥር አስገባች።