ለስላሳው የኋላ ወንበር

በዚያ ክረምት ባለቤቴ ታመመች። ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ሐኪም ቤቱ ከከተማው ማዶ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን መሄድ ነበረባት። መኪና አልነበረኝም። ሥራም ቀዝቅዞ ነበር። ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ወሰድኳት። በሁለተኛው ራሷን ስታ እጄ ላይ ወደቀች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኳች። ነርስ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ይላታል። "ውጡ፣ ሞተሩ ሞቋል" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ባለቤቴን ወስዳ መለሰቻት። ባለቤቴ ዳነች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን።

ውለታዋን ለመመለስ ያልሞከርኩት የለም። ሙያዬ የመኪና ወንበር መስፋት ነው። የመኪናሽን ወንበሮች ላልብስልሽ አልኳት፤ "ወንበሬ ምን ሆነ?" አለች። ሶፋሽን ላድስልሽ አልኳት፤ ሶፋ የለኝም አለች። ይህን ስትለኝ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕዳ አለብኝ ባልኩ ቁጥር "የምን ዕዳ? ወሬ አታብዛ ጋሼ" ትለኛለች። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ውለታ ውሎ መልሱን አልቀበልም የሚል ሰው ሸክም ያሸክማል።

ዘንድሮ ሲስተር ጉልበቷን በቀዶ ሕክምና ታከመች። ሦስት ወር መኪና እንዳትነዳ ተከለከለች። የልጅ ልጇ የምትኖረው እሷ ዘንድ ነው፤ እናትየው ሥራ የምትገባው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ልጅቷ ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው፣ ቁመቷ የሰባት፣ ምላሷ የሠላሳ። ጠበቃዋ እንላታለን።

አንድ ረቡዕ ሲስተር ምርኩዟን ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ጠበቃዋን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርስልኛለህ?"

አሁን መኪና አለኝ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ደስታዬን እንዳታይብኝ ጺሜን አሻሸሁ።

"አደርሳለሁ።"

"ከፍ ማድረጊያ ወንበር ከሌላት ግን አትሄድም። ያለዚያ ቀበቶው አንገቷን ነው የሚይዛት። የእኔ መኪና ውስጥ ያለው ባለ መደገፊያ ነው፣ ቁምሳጥን ያህላል። ከሰዓት ደግሞ አጎቷ ነው በራሱ መኪና የሚመልሳት። ስለዚህ ይዛው የምትዞረው፣ ቦርሳዋ ውስጥ የሚገባ ይሁን። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። እስከ እሁድ ካልተገኘ ባለታክሲ እፈልጋለሁ።"

"ለእኔ ተዪው" አልኩ።

አርባ ዓመት ወንበር የሰፋ ሰው ወንበር ከሱቅ አይገዛም። ሐሙስን ሙሉ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ከላይ ጥሩ ቆዳ፣ ከውስጥ ሁለት ዓይነት ስፖንጅ፣ ጠርዙ ድርብ ስፌት፣ ማንገቻም አለው። ንጉሥ ቢቀመጥበት ተነሥ ቢሉት አይነሣም።

ሲስተር በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷ ሰመጠ።

"ይመቻል" አለች።

"ታዲያ?"

"አንተ የሠራኸው ለመቀመጥ ነው። እኔ የምፈልገው ለግጭት ነው። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ይሄ ከሥሯ ይሾልካል፣ ቀበቶው ሆዷ ላይ ይወጣል። ቀበቶ የሚያርፈው የዳሌ አጥንት ላይ ነው፣ አንጀት ላይ አይደለም። ሆዱን ቀበቶ የጎዳው ልጅ በእጄ ይዣለሁ፣ ጋሼ።"

እሷ በሥራዋ ያየችውን እኔ በሥራዬ አላየሁም። ጠበቃዋ ትራሱን አንሥታ አገላበጠችው።

"ለድመቴ ይሆናል" አለች።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ሱቅ ሄድን። ሲስተር ልጅቷ ያለ ወንበር መኪናህ ውስጥ አትገባም ስላለች አጎቷ በሲስተር ትልቅ ወንበር አስቀምጦ በራሱ መኪና አመጣት፤ እኔ ባዶ መኪና እየነዳሁ ከኋላ ተከተልኩ። ለራሴም ሳቄ መጣ።

ሻጯ ሦስት ዓይነት አወጣች። የመጀመሪያው መደገፊያው አጭር ነበር።

"ይሄ የሕፃን ነው" አለች ጠበቃዋ። "ጓደኞቼ ካዩኝ ስሜን እቀይራለሁ።"

ሁለተኛው በትንፋሽ የሚነፋ ነው።

"በየቀኑ ፊኛ እየነፋሁ ነው የምማረው?"

ሦስተኛው ታጣፊ ነው። ሲታጠፍ ወፍራም መጽሐፍ ያህላል። ሲዘረጋ ደረቅ ነው፤ ግራና ቀኝ ቀበቶውን ዳሌ ላይ ይዘው የሚያስቀሩ መንጠቆዎች አሉት፤ ከትከሻ የሚወርደውን ደግሞ ዝቅ የሚያደርግ ማሰሪያ። ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። ነጠላ ነው፣ ግን አልሰነፈም። መንጠቆውን ጎተትኩት። አልነቃነቅም አለ። ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጠበቃዋ አነበበችልኝ፤ እኔና ደቃቅ ፊደል ከተጣላን ቆይተናል።

"ክብደቴ ልኩ ውስጥ ገብቷል። ቁመቴም ገብቷል። ስለ ባሕርይ የተጻፈ የለም" አለች። "ጎበዝ ወንበር ነው።"

ሱቁ በር ላይ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥነው። ልጅቷ ስትወጣበት ወደ አንድ ጎን ዘመመ። በሌላው ጎን ሞከርን፤ እዚያም ዘመመ። የሚነፋውን አመጣን፤ እሱም ዘመመ። ባለ መደገፊያውም እንዲሁ።

"ዕቃሽ ጠማማ ነው" አልኳት ሻጯን።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የመኪናዬን የኋላ ወንበር በመዳፏ ተጫነች።

"አባት፣ ይሄን ወንበር ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ይባረክ። ሰው እንቅልፉን ይለጥጥበታል። ዕቃዬ ግን ጠማማ አይደለም።"

አጎትየው የራሱን መኪና በር ከፈተ። ዳቦ አከፋፋይ ነው፤ መኪናው ከውስጥ ዱቄት ለብሷል። ታጣፊውን አስቀመጥን፣ ልጅቷ ወጣችበት፣ ቀበቶውን አሰርን። እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ቀበቶው በትከሻዋ መሐል አልፎ ዳሌዋ ላይ አረፈ።

"የእኔ ወንበር ስፖንጁ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው" አለ አጎትየው። "ዛሬ ገና የሚያመሰግነው አገኘ።"

ታጣፊውን ገዛሁ። ወደ ቤት ስነዳ በመስታወቱ የኋላ ወንበሬን አየሁት። ሥራ ያቆምኩ ጊዜ ለራሴ ብዬ የሠራሁት ነው። ለደንበኛ የማልጨምረውን አራት ጣት ስፖንጅ ጨምሬበታለሁ። በእጄ ከወጣው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመኪናው ነቅዬ ግቢ ውስጥ አጋደምኩት። በምላጭ ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ። ጠበቃዋ በአጥሩ በኩል መጥታ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

"ያምሃል አባባ?"

"አያመኝም።"

"ፊትህ ግን ያመመው ይመስላል።"

"ፊቴ ዱሮም እንዲሁ ነው።"

ትንሽ አሰበች።

"እውነትህን ነው" አለች።

ለስላሳውን ስፖንጅ አወጣሁ፤ በቦታው ስስና ጠጣር አስገባሁ። ቆዳው ሰፋበት። ቆርጬ እንደገና ሰፋሁት፣ መኪናው ላይ መልሼ ገጠምኩት። የወጣው ስፖንጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዞር ብዬ አላየሁትም።

እሁድ ሲስተር መጣች። ታጣፊውን መኪናዬ ውስጥ ዘርግታ በሁለት እጇ በክብደቷ ተጫነችው። ቀበቶውን ሳበች፣ ለቀቀች፣ መልሳ ሳበች። ልጅቷን ወደፊት አንሸራተተቻት፣ ወደ ጎን አስደገፈቻት፣ ጉልበቷ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ አየች። መርማሪ እንደዚያ አያይም። እጆቼን ወደኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ደንበኛ ፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ነገ አንድ ሰዓት ተኩል" አለች። ሌላ ቃል ሳትጨምር ምርኩዟን ይዛ ሄደች።

ሦስት ወር ነዳሁ። ጠበቃዋ ወንበሯን ራሷ ትዘረጋለች፣ ቀበቶውን በመንጠቆዎቹ ታሳልፋለች፣ ማሰሪያውን ታስተካክላለች፣ "ንዳ" ትላለች። ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ማንም ሳያያት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። አንድ ቀን አንዷ ጓደኛዋ አየችባት።

"ምንድን ነው ስትልሽ ምን አልሻት?" አልኩ።

"ዶሴ ነው አልኳት። ጠበቃ አይደለሁ?"

አንድ ጠዋት ውሻ ዘሎ መንገድ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ጎኔ የነበረው ኮፍያዬ መሪው ሥር ወደቀ። ቀና ብዬ በመስታወቱ አየኋት። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ቀበቶው አጥንቷ ላይ ነበር።

"ፍሬንህ ይሠራል" አለች።

ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ወርጄ ቀበቶዋን በእጄ ፈተሽኩ። ማታ ለሲስተር ነገርኳት፤ የሚደበቅ ነገር አይደለም። አንገቷን ነቀነቀች፣ በነጋታው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷን እንደ ወትሮው ላከቻት።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ሲስተር ያለ ምርኩዝ መጣች። የመኪናዋ ቁልፍ ጣቷ ላይ ነበር።

"ጉልበቴ ድኗል። ከነገ ጀምሮ እኔው አደርሳታለሁ።"

"ዓመቱን ልጨርስልሽ" አልኩ።

"አይሆንም።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም።" ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረችው። "ከዚህ በላይ ከነዳህልኝ ባለዕዳዋ እኔ ልሆን ነው። አንተ ሃያ ዓመት የተሸከምከውን እኔ አንድ ሳምንት አልችለውም። ከፍለሃል፣ ጋሼ።"

"እሺ" አልኩ።